ጋሽ ዚፕ ቅዱን ያሳየ ዕለት

ጋሽ ዚፕ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጡለት ዚፕ ስለሚጠግን ብቻ አይደለም፤ አፉ ስለማይከፈት ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ለጎረቤት አንገቱን ይነቀንቃል፣ ማታ ሲዘጋም ይነቀንቃል፣ በመሀል ያለውን ቀን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ "ቁም" እና "ዙር"። ደንበኛው ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። ሚስቱ ታዲያ፣ "እኔን ሲያጨኝ እንኳ ሜትር አውጥቶ ለካኝና ሄደ፤ ነገሩ የገባኝ ቀሚሱን ሰፍቶ ሲመጣ ነው" ትላለች። ሰው ሲስቅ እሱም በአፍንጫው ይስቃል።

ሱቁ ጠባብ ናት። በሩ ላይ አንድ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም አንድ ኦቨርሎክ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ ረጅም መቅደጃ ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት። ጋሽ ዚፕ ደንበኛውን መስታወቱ ፊት አቁሞ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ፣ ሜትሩን በትከሻና በወገብ ላይ እያዞረ ቁጥሩን የሚያነበው ከሰውየው ላይ ሳይሆን ከመስታወቱ ውስጥ ነው። ሰው ከፊቱ ሲጠጉት ሆዱን ይስባል፤ ከኋላው ሲሆኑ ይረሳውና ይለቀዋል፤ እውነተኛው ልክ የሚገኘው ያኔ ነው። ስለዚህ የተገለበጠ ቁጥር ማንበብ ለእሱ ደብዳቤ እንደ ማንበብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የለካው እንዲህ ነው።

አሁን ስለ ቅድ እንነጋገር። መስፋትማ ማንም ይሰፋል። ሙያው ያለው ቅዱ ላይ ነው፤ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ መቀሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚታጠፍ ማወቁ ላይ። ጋሽ ዚፕ ደግሞ ስፌት የተማረው ቅዱን ከማያሳይ ሰው ሥር ነው። አለቃው መቀስ ሲያነሳ "ውጣና ውሃ ቅዳ"፣ "ውጣና ካውያውን አሙቅ" እያለ ያባርረው ነበር። እሱ ግን ሱቁን ሲጠርግ ከወለሉ ላይ ቁርጥራጩን ይለቅማል፣ ቤቱ ወስዶ ይገጣጥማል፣ ከተረፈው ጨርቅ የጎደለውን ልብስ ያገኛል። የኮት ትከሻን ያወቀው ከኮቱ ሳይሆን ከኮቱ ትርፍራፊ ነው።

እንዲህ በስርቆት የተገኘ እውቀት ይጠበቃል። ጋሽ ዚፕ የራሱን ቁርጥራጭ ወለል ላይ አያሳድርም፤ በጆንያ ጠቅጥቆ ቤቱ ይወስደዋል። ቤቱ ውስጥ ያለ ትራስ ሁሉ የተሞላው በዚያ ነው። "እኛ ቤት ሰው የሚተኛው ምስጢር ላይ ነው፤ ለዚህ ነው አንገታችንን የሚያመን" ትላለች ሚስቱ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰፊ አለ፤ ሁሌ ጫማውን አስወልውሎ፣ መሀረቡን ከኮቱ ኪስ ብቅ አድርጎ ስለሚቀመጥ "ሞዴል" ነው የሚባለው። ሞዴል መርፌ ልዋስ፣ ክር ልዋስ እያለ ብቅ ይላል። ጋሽ ዚፕ እሱን ሲያይ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይጥልበታል።

"ሬሳ ነው እንዴ የምትሸፍነው?" ይላል ሞዴል።

"ቁም" ይለዋል ጋሽ ዚፕ። ከዚያ "ዙር" ይለዋል። ሞዴል ዞሮ፣ እየሳቀ ይወጣል።

የጋሽ ዚፕ ልጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው የተቃጠሉ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሱቁ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ "አባዬ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ አለህ? እንደ ዋና ልብስ ዓይነት፣ ግን ጠንከር ያለ" አለችው።

የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ዝም ብሎ አይድንም። ጠባሳው ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ይኮማተራል፤ ጣትን ከጣት ያጣብቃል፣ ክንድን አጥፎ ያስቀራል፣ አገጭን ከደረት ይሰፋል። ይህን የሚከላከለው ነገር ተአምር አይደለም፤ በልክ የተሰፋ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚጫን፣ ለወራት ከላይ የማይወልቅ ልብስ ነው። ጓንት፣ እጅጌ፣ ሰደርያ። ከሩቅ አገር የሚመጣ የፋብሪካ ልብስ አለ፤ ግን ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ጨረታው ሲወጣ፣ ሳጥኑ መጋዘን ውስጥ ፊርማ ሲጠብቅ፣ ልጁ ያድጋል፣ ጣቱም ታጥፎ ይደርቃል። ዓለም አንድ መንደር ሆነች እያሉ በየአዳራሹ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አሉ። በዚች መንደር ውስጥ ምላስና ሐሜት በሰከንድ ይሻገራል፤ የሕፃን ጓንት ግን መሻገር አቅቶታል። ይህን ሲሰማ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ ደሙን ይመርመር።

ጋሽ ዚፕ ከመደርደሪያው ጨርቅ አወረደ፣ በሁለት እጁ ወዲህ ሳበው፣ ወዲያ ሳበው፣ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። ማግስቱን ሐኪም ቤት ሄዶ የመጀመሪያውን ልጅ ለካ። ሲሰፋ አበላሸ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ። ስፌቱ ጠባሳውን እንዳይፍቀው ወደ ውጪ አወጣው። ጓንቱን ሲያደርጉለት ልጁ፣ "የሸረሪት ሰው መሰልኩ!" አለ። ጋሽ ዚፕም በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ክፍል በነፃ የማይሰፋበት ሳምንት የለም።

ነገሩን ወደ ስልክ ያስገባችው ልጁ ናት። አባቷ ሲሰፋ እጆቹን ብቻ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቆይቶ፣ መልእክት መምጣት ጀመረ፤ ከሰፊዎች። የመርከብ ሸራ የሚሰፋ ሽማግሌ፣ ለሰርከስ ተጫዋቾች የሚለጠጥ ልብስ የምትሰፋ ሴትዮ፣ እስር ቤት ውስጥ ስፌት የሚያስተምር ሰውዬ። በየአገሩ ተቃጥሎ የዳነ፣ ግን ታጥፎ የቀረ ሰው አለና። ልጅቷ ግሩፕ ከፈተች። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ የሚያገናኛቸው የእጅ ቪዲዮና የስልኩ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጋሽ ዚፕን ብድግ ብሎ "አንቺ" ይለዋል። አንድ ጊዜ ሽማግሌው "ወገቡ ላይ አጥብበው" ብሎ የላከውን፣ "ሽማግሌውን ወገቡ ላይ እሰሪው" ብሎ አመጣው።

"ማንን ነው የማስረው?" አለ ጋሽ ዚፕ ደንግጦ።

"ማንንም አታስርም አባዬ፤ ስፌትህን ስፋ" አለች ልጁ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች።

ሞዴልም ግሩፑ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ናት ያስገባችው፤ ለሐኪም ቤቱ እጅ ስለሚያስፈልግ። ጋሽ ዚፕ ሲያውቅ ፊቱ ቅጭም አለ፣ ግን አላስወጣውም። የእሱ መጠንቀቂያ ሌላ ነው። ልጁ ስልክ ደቅና ስትመጣ፣ መርፌ ሲያስገባ ትቅረጽ፣ ሲያያይዝ ትቅረጽ፤ መቀሱን ሲያነሳ ግን "ዙሪ" ይላታል። ትዞራለች። ዓለምም አብሯት ይዞራል።

በዚህ መሀል ነው የዩኒፎርሟ ሴትዮ የመጣችው። ጋሽ ዚፕ እንደዚያ ነው የሚጠራት፤ ሩቅ አገር ያለች፣ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት። የወንድሟ ልጅ፣ ፍልቅልቅ ያለች ሕፃን፣ የጋለ ዘይት ግራ እጇ ላይ ተደፍቶባታል። ቁስሉ ደርቋል፤ ጠባሳው ግን ጣቶቹን መሳብ ጀምሯል። አክስቷ ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ፣ ስክሪኑ ውስጥ ራሷን እያየች፣ የልጅቷን እጅ በሜትር እየለካች ቀርጻ ላከችው። ከሥሩም እንዲህ የሚል መልእክት ነበረው፤ "አባት፣ ስፌትዎን ደጋግሜ አየሁት። ቅድዎን ግን አላየሁም። ቅዱን ያሳዩኝ፤ ጨርቁ እዚህ አለኝ፣ ዛሬውኑ እቀድዳለሁ።"

አስተርጓሚው ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት ነው ያመጣው።

"ምን ልመልስላት?" አለች ልጁ።

"ሠርቼ እልካለሁ በያት።"

"አባዬ፣ ሳይዘገይ ነው የምትፈልገው። መንገድ ላይ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ታውቃለህ? የሕፃን ጠባሳ እኮ ፖስታ ቤት አይጠብቅም።"

"አስቸኳይ ይሁን። እኔ እከፍላለሁ።"

"የገንዘብ ነገር መሰለህ? መቀስህን ነው የጠየቀችህ!"

"ጓንት ነው የጠየቀችኝ" አለ ጋሽ ዚፕ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። "ጓንት እሰጣታለሁ።"

እዚህ ላይ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ቆም በሉ። ሰውየው ስስታም አይደለም። ጨርቁን ሰጥቷል፣ ጉልበቱን ሰጥቷል፣ የዓይኑን ብርሃን ሰጥቷል። ያልሰጠው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ከሌለ ሥራው እንዳይሠራ የሚያደርገውን። ብዙዎቻችን እኮ መርዳት የምንወደው እስከዚያች ድረስ ነው። ለተራበው ዳቦ እንሰጣለን፣ ምድጃውን ግን አናሳይም። የሚረዳው ሰው ተመልሶ እንዲመጣ እንፈልጋለን። ይህን በጋሽ ዚፕ ላይ ማየት ይቀላል፤ ወደ ራስ ሲዞሩ ነው ጣጣው።

ጓንቱን ሠራ። ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ነበር። ቁጥሩን ከቪዲዮው አነበበ፣ ቀደደ፣ ሰፋ፣ በሚስቱ የልብስ ሳሙና አጥቦ አደረቀው፣ በስስ ወረቀት ጠቀለለው። ተላከ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ልጁ ማታ ማታ ስትመጣ ሳትጠየቅ፣ "ገና ነው" ትላለች። እሱም ሳይጠይቅ ይሰማል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ደንበኛ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ከዩኒፎርሟ ሴትዮ ቪዲዮ ነው። ጋሽ ዚፕ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ከፈተው።

ሕፃኗ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ጓንቱን አድርጋለች። እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታ፣ በጓንቱ ውስጥ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የምስጋና ቃል ትናገራለች፤ አስተርጓሚው "ሰፊዋ እናታችን ተባረኪ" ብሎ ጻፈው። ጋሽ ዚፕ ልቡ ሞላ። እንደገና አየው። ጣቶቹ እንዴት ያምራሉ! አንዱም ያልታጠፈ፣ አንዱም ያልተጨማደደ። ሦስተኛ ሲያየው ክው አለ።

የተቃጠለ እጅ እንዲህ አይታዘዝም።

ልጅቷ ሌላኛውን እጇን ከጀርባዋ ደብቃው ነበር። ጓንቱን ያደረገችው በደህናው እጇ ነው።

ደንበኛው፣ "ጋሽዬ፣ ልዙር?" አለ። ጋሽ ዚፕ የድሮውን ቪዲዮ ፈልጎ አወጣ። አክስቲቱ ስትለካ። ሜትሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ተመለከተ፤ ሰባቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ሦስቱም ፊቱን አዙሯል። ሁሉም የተገለበጠ ነው። ስልኩ የፊት ካሜራው ላይ ስለነበር እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የቀረጸው፤ ግራ እጅ ቀኝ መስሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ለማንበብ ሲቸገር ይነቃ ነበር። ጋሽ ዚፕ ግን አልተቸገረም። ዕድሜ ልኩን በመስታወት ውስጥ ላነበበ ዓይን የተገለበጠው ነው ቀጥ ያለው።

አክስቲቱና ቤተሰቧ ደግሞ ተሳስተሃል አላሉትም። ከሩቅ የመጣ ስጦታ ነውና፣ ሰውየው እንዳያዝን ብለው፣ ልጅቷን አልብሰው፣ በማያስፈልጋት እጅ ላይ አድርገው፣ አስቀው፣ ቀርጸው ላኩለት። ድሃ ለረዳው ሰው ስሜት ይጨነቃል። ይህ ጨዋነት ነው ብላችሁ እንዳታደንቁት፤ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። የልጅቷ እጅ ከጀርባዋ ሆኖ እየታጠፈ፣ እሷ ለእሱ ትስቃለች!

"ውጣ" አለው ደንበኛውን።

"እንዴ? ሱሪዬስ?"

"ነገ።"

ለልጁ ደወለ። ጋሽ ዚፕ ለማንም ደውሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ልጅቷ ስልኩን ያነሳችው፣ "እማዬ ምን ሆነች?" እያለች ነው።

"ደህና ናት። ጓንቱ የቀኝ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።" ያየውን ነገራት። "ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። ዓይኔ የት ነበር?" አለች።

"ገልብጣ ብታደርገውስ?" አለ እሱ፤ ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ መልሱን ያውቀዋል። የቀኝ ጓንት ሲገለበጥ የግራ ይሆናል፤ ግን እንዳይፍቅ ብሎ ወደ ውጪ ያወጣው ስፌት ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠባሳው ላይ ይተኛል።

"ቆዳዋን ይበላዋል" አለች ልጁ። "ስማኝ አባዬ። አክስትየዋ ትናንት ለብቻዬ የሕፃኗን እጅ ፎቶ ልካልኝ ነበር፤ ለምን እንደላከችው አሁን ነው የገባኝ። ትንሿ ጣት ወደ መዳፏ እየገባች ነው። የቀለበት ጣቷም ጀምሯታል። ሌላ ሠርተህ ብትልክ እስኪደርስ ሌሎቹም ይሄዳሉ። ከታጠፉ በኋላ የሚያቃናቸው ቢላ ብቻ ነው፤ እነሱ አገር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቢላ የሚያነሳ ሐኪም ያለው በአውሮፕላን ርቀት ነው።"

ጋሽ ዚፕ መቀሱን አየ። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

"ሁሉንም ጥሪያቸው" አለ። "በቀጥታ፣ በቪዲዮ። እቀድዳለሁ።"

"እሰይ!"

"ግን ሞዴልን አስወጪው።"

"ከምኑ?"

"ከግሩፑ። እሱ እያየ አልቀድድም።"

ልጅቷ ተነፈሰች። ስትናገር ድምፅዋ የነርስ ነበር፣ የልጅ አልነበረም። "ሞዴል ባለፈው ሳምንት ለአንዱ በሽተኛችን ሰደርያ ሰፍቶ አመጣ። አምሮ ነው የተሰፋው። ስናለብሰው ግን አልያዘም፤ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጨርቁ በየት በኩል መለጠጥ እንዳለበት አያውቅም። ከየት ይወቀው? አንተ ያለኸው ከመንገዱ ማዶ ነው አባዬ። ስለ ሩቅ አገር እናወራለን እንጂ ቅድህ አስፋልት እንኳ አልተሻገረም።"

ጋሽ ዚፕ በበሩ በኩል ወደ ማዶው ሱቅ አየ።

"ጥሪያቸው" አለ በመጨረሻ።

ልጅቷ ከሐኪም ቤት ሆና ለሁሉም መልእክት በተነች። ጋሽ ዚፕ ጠረጴዛውን አጸዳ፣ የሚለጠጠውን ጨርቅ ዘረጋ። ስልኩን ከክር ካርቶን ጋር አስደገፈው፤ ተንሸራተተ። በካውያው አስደገፈው፤ ጣሪያውን ያሳያል። በሦስተኛው ሲወድቅ፣ ከበሩ በኩል፣ "ስልክ ነው እንዴ የምትሰፋው?" የሚል ድምፅ ሰማ። ሞዴል ነው። መሀረቡ እንደ ሁሌው ከኪሱ ብቅ ብሏል።

"ኔትወርኬ እየተቆራረጠ ነው" አለ ሞዴል በሩ ላይ እንደቆመ። "ጥሪው ደርሶኛል፣ ግን ምስሉ አይመጣም። ከከለከልከኝ እመለሳለሁ፤ ያው ለምጄዋለሁ።"

ጋሽ ዚፕ አየው። ጠረጴዛው ላይ የሚጣለው ጨርቅ እጁ አጠገብ ነበር። እሱን ትቶ ስልኩን አንስቶ ዘረጋለት።

"ያዝልኝ" አለው። "በኋላው ካሜራ።"

ሞዴል ስልኩን እንደ እንቁላል ተቀበለ። በስክሪኑ ላይ ፊቶች ተደረደሩ። ሽማግሌው መነጽሩን እየጠረገ፣ የሰርከሷ ሴትዮ ክር በጥርሷ ይዛ፣ የእስር ቤቱ ሰውዬ ከኋላው ካሉ ብዙ ራሶች ጋር። የዩኒፎርሟ ሴትዮ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቅ ዘርግታለች፤ ሕፃኗ ከጎኗ ቆማለች። የቀኝ ጓንቱን አሁንም አላወለቀችም።

ጋሽ ዚፕ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቁሙ" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ "አትዙሩ" አለ።

አስተርጓሚው አደረሰው። ሽማግሌው "ወዴት ነው የማንዞረው?" ብሎ ጻፈ። ሞዴል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ምስሉ ተንቀጠቀጠ።

"እጅህን አታንቀጥቅጥ!" አለው ጋሽ ዚፕ።

"ምን ላድርግ፣ አንተ ስትናገር ሰምቼ አላውቅማ!"

መጀመሪያ ለሕፃኗ ተናገረ። "ልጄ፣ ያንን አውልቂው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ጥሩ አልሠራሁልሽም። የታመመችውን እጅሽን አምጪልኝ።" ልጅቷ አክስቷን ቀና ብላ አየች፤ አክስቷ አንገቷን ነቀነቀች። ያቺ እጅ ከጀርባ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ መቀሱ ገባ። ጋሽ ዚፕ ለዘመናት ያልተናገረውን በዚያ ከሰዓት ተናገረው። ጨርቁን ለሰው ሁሉ እያሳየ ሳበ፤ "በዚህ በኩል ይለጠጣል፣ በዚህ በኩል እምቢ ይላል። የሚለጠጠው ጣቱን ዙሪያውን ይቀፈው እንጂ ከላይ ወደ ታች አይሩጥ። ከእጇ ጠበብ አድርጋችሁ ቅደዱ፤ ግን ጥፍሯ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዛት ጠብቋል፤ ወዲያው አውልቁት።" በጣትና በጣት መሀል የምትገባዋን ትንሽዬ ሹል ቁራጭ ቀደደና በጥፍሩ ጫፍ አነሳት። ጠቅላላ ምስጢሩ እሷ ነበረች። ሌሎቹ ሰፊዎች ሁለት ጨርቅ አጋጥመው ጣቶቹን ዙሪያቸውን ይሰፋሉ፤ መሀሉ አይጫንም፣ ጠባሳው እዚያ ገብቶ ጣቶቹን ያጣብቃል። ይህቺ ቁራጭ ናት ገብታ የምትለያቸው።

ሞዴል ስልኩን ይዞ ጎንበስ አለ። "እሷ ብቻ?" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ የደበቅከኝ ይህቺን ነው?"

"እሷን ነው።"

"እኔ እኮ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር" አለ ሞዴል። ግን ዓይኑን ከቁራጯ አልነቀለም።

የዩኒፎርሟ ሴትዮ ቀደደች። ጋሽ ዚፕ ስክሪኑ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ፣ "ተይ፣ ተይ፣ ወደ ውስጥ ገባሽ! እንደዚያ! አዎ፣ አንቺ ጎበዝ!" እያለ ይጮሃል፤ ሻይ ይዛ የመጣችው ሚስቱ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። "ማነው ውስጥ ያለው?" አለች ሞዴልን። "ባልሽ ነው" አላት። ጓንቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ የታመመችው እጅ ቀስ በቀስ ገባች። ልጅቷ ተንሰቀሰቀች፤ ያማል እኮ። ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ አልገባችም፤ ለእሷ አስፍተው እንደገና ሰፉ። በመጨረሻ ጓንቱ ያዘ።

የሐኪም ቤቱ ኃላፊዎች ነገሩን ሰምተው ባነር አሠርተው፣ ከጋሽ ዚፕ ጋር ፎቶ ለመነሳት መጡ። እሱ በዓይኑ ለካቸውና "ለአንድ ሰው የሚሆን ወንበር ነው ያለኝ" ብሎ መለሳቸው። ከሞዴል ጋር ግን በየሳምንቱ ማዶ ለማዶ ይጯጯሃሉ። ሞዴል ከትንሿ ቁራጭ ላይ ጫፏን ቆርጦ አሻሽያለሁ ብሏል፤ ጋሽ ዚፕ አበላሽቷል ብሏል፤ የሰርከሷ ሴትዮ ሞዴል ነው ትክክል ብላ ጽፋ የጋሽ ዚፕ ቁጣ ገና አልበረደም። እስር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁን ለከተማቸው ሐኪም ቤት እየሰፉ ነው። በዚያ ቅድ ላይ የጋሽ ዚፕ ስም የለም። አንዳንዴ ይህ ነገር ይከነክነዋል፤ አልዋሽላችሁም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሞዴልና ጋሽ ዚፕ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሲጨቃጨቁ፣ የዩኒፎርሟ ሴትዮ በቪዲዮ ደወለች። ሕፃኗ ጓንቷን አውልቃ መጣች። ጠባሳው ተኝቷል፤ ቀለሙም ለስልሷል። ልጅቷ ሌባ ጣቷንና መሀል ጣቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ፣ ከፈተቻቸው፣ ገጠመቻቸው፣ ከፈተቻቸው፣ ገጠመቻቸው። መቀስ። ሰፊው ላይ መሳለቋ ነው። ሞዴል በሳቅ ጠረጴዛውን መታ።

ጋሽ ዚፕ አልሳቀም። "አዎ፣ አዎ፣ አየሁ" አለ። "ትንሿ ጣትስ?"

ልጅቷ ፈዘዝ አለችና አሳየችው። ትንሿ ጣት እንደ መንጠቆ ታጥፋ ነበር። የቀለበት ጣቷ ተርፋለች፤ ትንሿ ግን አልተመለሰችም። ወይ ያ ፖስታ! ወይ እነዚያ ሳምንታት! ሞዴል ሳቁን ዋጠ። የአክስትየዋ ድምፅ መጣ፤ አስተርጓሚው፣ "አራቱ ድነዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ እናት፣ አንዷ ምንም አይደለችም" ብሎ ጻፈ።

"ነች እንጂ" አለ ጋሽ ዚፕ። "እንዴት ምንም አይደለችም? የልጅ ጣት ናት።" ስልኩን ለሞዴል አቀበለውና ጨርቅ መዘርጋት ጀመረ። "ሜትርሽን አንሺ። ለእሷ ለብቻዋ የሚሆን ድጋፍ እንሞክር። ሽማግሌውንም ጥሩት፤ ሸራ የሚወጥር ሰው ስለ መወጠር የሚነግረን አያጣም።"

ሴትዮዋ ሜትሯን ልታመጣ ተነሳች። ሕፃኗ የታጠፈችውን ጣት ይዛ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ጠበቀች።